ጣቢያ ለምትወጡ ልጆች

ልጆቼ፣ ነገ መኪናው ከጅማ ያወጣችኋል። ከፊላችሁ አጋሮ፣ ከፊላችሁ ሸቤ፣ ሌሎቻችሁ ሰርቦና አሰንዳቦ ትወርዳላችሁ። የሕክምናው፣ የነርሱ፣ የላቦራቶሪው፣ የፋርማሲው ተማሪ በአንድ ቤት ተደባልቆ ሊከርም ነው። እናንተ «ቲቲፒ»፣ የቡድን ሥልጠና መርሐ ግብር፣ ትሉታላችሁ፤ እኛ በዘመናችን «ዘመቻ» እንል ነበር። ስለ መጠይቁና ስለ ሪፖርቱ መምህሮቻችሁ ነግረዋችኋል፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም። የእኔ ነገር ስለምታድሩበት ቤት ነው። ሕዝቡ ከአፋችሁ ከመስማቱ በፊት ግቢያችሁን አይቶ ይጨርሳል።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር በየገጠሩ ተበተነ። እኔም ካኪዬን ለብሼ ወደ ከፋ ከወጡት አንዱ ነበርኩ፤ በዚያው ቀረሁ፤ ወልጄ ከብጄ ይኸው አርጅቼበታለሁ። ጉልበቱ ነበረን፣ ፍቅሩም ነበረን፤ የካቲት ላይ የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ደግሞ መሬቱን ያከፋፈልነው እኛው ይመስል ነበር። ነገር ግን ገና የመጣበትን ቀን እንኳ ሳይቆጥር ሽማግሌ ሰብስቦ ስለ ታሪክ ሂደት የሚያስተምር ዘማች ሞልቶ ነበር፤ ያውም ሽማግሌዎቹ በማያውቁት አማርኛ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። በሕዝቡ ልብ የቀረው ሌላው ነው፤ «አካም ቡልታን» ብሎ በየደጁ ቆሞ ሰላምታ የለመደው፣ ቀብር የወጣው፣ ከገበሬው ጋር ጭቃ ያቦካው። ዛሬም ስሙን የሚያነሱት እሱን ነው፤ ንግግሩንማ ማን ያስታውሰዋል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት ለዚህ ነው። እናንተ ከእኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲቋቋም ጀምሮ ተማሪው ከሕዝቡ መሀል ገብቶ ይማር የሚል መንገድ ይዞ ተነሣ፤ በ1992 ዓ.ም. ከጅማ ግብርና ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ያንን አልጣለም። ስለዚህ አገሬው ተማሪ ለምዷል። መልመዱ ግን ሁለት ፊት አለው። ከእናንተ በፊት የመጡትን ሁሉ ያስታውሳል፤ እናንተንም ከእነሱ ጋር አስተያይቶ ይመዝናችኋል።

አንድ ያየሁትን ላጫውታችሁ። የትኛው ቡድን እንደሆነ አልናገርም። ልጆቹ ቅዳሜ ጠዋት ዛፍ ሥር ሕዝቡን ሰብስበው ስለ መጸዳጃ ቤት ያስተምራሉ። ሥዕሉ አምሯል፤ አስተርጓሚውም ጎበዝ ነው። ጉድጓዱ ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ክዳን ይኑረው፣ ደጁ ላይ እጅ መታጠቢያ ጀሪካን ይንጠልጠል እያሉ ዘረዘሩ። ሲጨርሱ ጥያቄ ያለው ተባለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ፤ የልጆቹ የጓሮ ጎረቤት ናቸው። «የእናንተው ከሞላ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ከቡናዬ ሥር የምትወጡት እስከ መቼ ነው?» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ልጆቹን የማደንቃቸው ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነው። አላኮረፉም፣ ሰበብም አልደረደሩም። ከሰዓት በኋላ ዶማና አካፋ ተውሰው ያንን ቀይ አፈር መቆፈር ጀመሩ። እጃቸው ውሃ ሲቋጥር የእኚያ እናት ልጅ አጥር ዘሎ መጣና ዶማውን ተቀበላቸው፤ በማግስቱ ሦስት ጎረምሳ ተጨመረ። ጉድጓዱ ሲያልቅ ቆፋሪዎቹ የየራሳቸውን ሊቆፍሩ ልኬቱን ወሰዱ። ስንት ሥዕል ቢሰቀል ይህን አያመጣም። እንግዲህ የምትገቡበትን ቤት መጀመሪያ ቀን ዙሩት፤ ጉድጓዱን፣ የውሃ በርሜሉን፣ የቆሻሻ መጣያውን። ቆላማው ላይ የምትወርዱት፣ አሰንዳቦ በተለይ፣ አጎበራችሁን ከሻንጣ አውጥታችሁ ስቀሉ። አጎበሩን ሻንጣው ውስጥ አጣጥፎ በወባ የሚተኛ የጤና ተማሪ በሰፈሩ ከታየ ትምህርቱ አበቃለት።

ከደጅ ወደ ጓዳ እንግባ። ጣቢያ የሚፈርሰው በድስት ነው። መዋጮውን በመጀመሪያው ማታ ተነጋገሩና ሒሳቡን ለአንድ ሰው ስጡ፤ የተገዛው ሽንኩርት ሳይቀር ይጻፍ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው፣ ሥጋ የማይበላው፣ የሚጾመው፣ በሌላ ዕቃ የሚበስልለት ያን ማታውኑ ይናገር። አሥራ አምስት ሰው በአንድ ምድጃ ሲከርም የክርስቲያን ጾም አለ፣ ረመዳን አለ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የሚለውን ተረት ግን እዚያው ጅማ ትታችሁት ሂዱ፤ ጣቢያ ላይ አይሠራም።

ሌላው የማዕረግ ነገር ነው። ሕዝቡ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ይላል፤ ይበል። ችግሩ ቤት ውስጥ ሲገባ ነው። የሕክምናው ልጅ ውሃ ቀጂ፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ አዛዥ የሚሆኑበት ጣቢያ እስካሁን አላየሁም፤ ግልባጩን ግን በደንብ አይቻለሁ። ሴቶቹን ሳትጠይቋቸው ወጥ ቤት የምታስገቡ ወንዶች እናንተም ስሙኝ። ተራ አውጡ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ የቡድን መሪው ስም ከሁሉ በላይ ይጻፍ፤ የመጀመሪያውን ቀን ጀሪካን ተሸክሞ ምንጭ የሚወርደው እሱ ይሁን። እናቶች ምንጩ ዳር ሆነው ያዩታል። ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይደርሳል።

የቤት ለቤት ሥራችሁ ከቡና ለቀማ ጋር ከገጠመ ሰዓታችሁን ለውጡ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ቀን ላይ ሰው ቤት አይገኝም። ቀዩ እሸት በተለቀመበት ቀን ማጠቢያው ጋ መድረስ አለበት፤ ካደረ ይበላሻል፣ ዋጋውም ይወድቃል። ማልዳችሁ ሂዱ፣ ወይም ወደ ማታ። ጀንፈል አልጋ ላይ የተሰጣበት ቤት ተቀምጣችሁ ስትጠይቁ ሰማዩ ከጠቆረ ወረቀቱን አጥፉና ሸራውን አብራችሁ ያዙ። የዓመት ጉርስ ነው እየረጠበ ያለው፤ «ጥያቄ ቁጥር 34» ይቆየን። ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሰው ደጅ አታንኳኩ። በረመዳን ደግሞ የውሃ ኮዳችሁን እያንቆረቆራችሁ አትሂዱ፤ ማንም አይቆጣችሁም፣ ግን ያያል።

ቡና ሲቀርብላችሁ ጨው ገብቶበት ይሆናል። ፊታችሁን ሳታጨማድዱ ጠጡት። ከአቦል ተነሥቶ መሄድም ነውር ነው፤ ቢያንስ ቶናውን ጠብቁ። መጠይቁ ላይ ያላገኛችሁትን የምትሰሙት በዚያች መሀል ነው፤ ባሏ የት እንደሄደ፣ የትኛው ልጅ ሳይከተብ እንደቀረ፣ ባለፈው የሞተው ጨቅላ ምን ሆኖ እንደነበር።

ከሁሉ የምፈራላችሁ ግን ደግነታችሁን ነው። ወጣት ልብ ቶሎ ቃል ይገባል። «የቧንቧውን ነገር እንነግርላችኋለን»፣ «መድኃኒቱን ከጅማ እንልክልዎታለን»። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እናንተ በሳምንታት ውስጥ ትወጣላችሁ፤ ቃሉ ግን እዚያው ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቡድን ይጠየቅበታል። ቆይታችሁ የሚችለውን ያዙ፤ አንድ ምንጭ ማጎልበት፣ አንድ ትምህርት ቤት ጉድጓድ ማስቆፈር። ጀምራችሁ ጨርሱት። የቆጠራችሁትን ደግሞ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፋችሁ ለቀበሌው አንብቡለት እንጂ ለመምህር ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ቤቱን ከፍቶ ያስቆጠራችሁ እሱ ነው።

ስትወጡ የሱቁን ዱቤ ዝጉ፤ የተዋሳችሁትን ዶማ አጥባችሁ መልሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ደግሞ ተሰናብታችሁ ሂዱ። መርሐ ግብሩ ከተጀመረ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ያን ሁሉ ዳገት ስትወጣ ስትወርድ የምትኖር እሷ ናት፤ እናንተ ያስተማራችሁትን የምትከታተለውም እሷ። ዲግሪ የላትም ብላችሁ አትናቋት። መዝገባችሁን አስረክቧት፣ ያልጨረሳችሁትን ሳትደብቁ ንገሯት፣ ስልካችሁን ስጧት። ከወር በኋላ ከማታውቁት ቁጥር ስትደውል፣ ፈተና ላይም ሆነ የትም ብትሆኑ፣ መልሳችሁ ደውሉላት።