የአይጧ ጉንጭ

አይጥ «አሳከከኝ» ወይም «አመመኝ» አትልም። ማጅራቷ ላይ የሚያሳክክም የሚያቃጥልም ነገር ስትወጋ ምላሿ ያው ማከክ ስለነበር ሁለቱን ስሜቶች መለየት ያስቸግር ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ሺማዳ እና ላሞት መርፌውን ወደ ጉንጯ አዞሩት። ሂስታሚን ሲሰጣት በኋላ እግሯ አከከች፤ ሚጥሚጣን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ሲሰጣት ግን ጉንጯን በፊት እግሯ ጠረገች። (ሚጥሚጣ በነካው እጁ ዓይኑን ያሸ ሰው ይህን እንቅስቃሴ ያውቀዋል።)

ዘዴው ብልሃት አለው። ነገር ግን ጠረጋውን የሕመም ምልክት አድርጎ የመዘገበ ሰው፣ አይጧ እንደምትታመም አብሮ መስክሯል። ከዚያ በኋላ «እንስሳ አይደለች እንዴ» ማለት አያዋጣም፤ ስሜቷ የእኛን ካልመሰለ ሙከራው ለእኛ ምን ይነግረናል? ሌሊቱን ሲያክ የሚያነጋ የኩላሊት ሕመምተኛ ለዚህ ክርክር ትዕግሥት ላይኖረው ይችላል፤ አይፈረድበትም። አይጧም ብትሆን ጉንጯን ወድዳ አልሰጠችም።