የደረቁትስ የት ይጻፉ?

ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው በሰፈሩ የሚፈለገው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሕይወት ታሪክ ንባብና ለማመልከቻ። ዘንድሮ ሦስተኛ ተጨመረልኝ፤ ሪፖርት።

የሰፈራችን ኮሚቴ አገር በቀል ዛፎችን አፍልቶ ለመትከልና ለተማሪዎች ለማስተማር ትንሽ የገንዘብ ድጋፍ አግኝቶ ነበር። እንዲህ ያለው ድጋፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ግሎባል ኢንቫይሮንመንት ፋሲሊቲ የተባለው ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ በአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራሙ በኩል ለማኅበረሰብ ቡድኖች እስከ 50,000 ዶላር ሲሰጥ ኖሯል። የእኛዋ ከሌላ ቦታ የመጣች፣ ከዚያም በጣም ያነሰች ናት። ብታንስም ኮሶ፣ ዝግባና ወይራ አፈላንባት፤ ችግኝ ጠባቂም ቀጠርንባት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች እየመጡ ይማራሉ። ኮሶ የአያቶቻቸው የትል መድኃኒት እንደነበረ፣ ወይራ ጋን እንደሚታጠንበት እንነግራቸዋለን። እኔም የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር አወራኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እንዶድ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል የታወቀው ከዚያ በመነሣት ነው። «ሳይንስ አንዳንዴ ከልብስ አጣቢዎች ይጀምራል» ብዬ ተመጻደቅሁባቸው።

ወደ ሪፖርቱ ልመለስ። ቅጹ ላይ «የተተከለ ችግኝ ብዛት» የሚል ሳጥን አለ። የተከልነው 600 ነው። ከዚያ ውስጥ 360ው ደርቋል። ለደረቀ ግን ሳጥን የለም። 600 ብዬ ብጽፍ አልዋሸሁም፤ ግን እውነቱን ተናግሬአለሁ? ሳይባል የቀረ ነገር ከተባለው በላይ እንደሚናገር ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ ይህ ሊጠፋኝ አይችልም። ስለዚህ የደረቁትንም ልጽፍ ቆረጥኩ።

በራሴ ጨዋነት ገና መደሰት ስጀምር አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰጪዎቹ ተቆጥተው የመጨረሻውን ክፍያ ቢያስቀሩ፣ ደመወዙን የሚያጣው ጠባቂው ነው። የእኔ እንጀራ አይነካም። እውነት መናገር ግዴታ ነው፤ እሺ፣ ሂሳቡን ሌላ ሰው ሲከፍልስ?

ሄጄ ነገርኩት። ውኃ ማጠጣቱን ሳያቋርጥ ሰማኝ።

«ጋሼ፣ ለምን እንደደረቁ ጠይቀውኛል?»

አልጠየቅሁትም። ማንም አልጠየቀውም።

«የመትከያው ገንዘብ የመጣው ለመስቀል ነው። ዝናቡ ሊወጣ! ለሚመጣው ክረምት መደብ ላይ ይቆዩ ብዬ ነበር፤ ‹የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ይተከል› ተባልኩ። ይጻፉት፤ ይሄንንም ግን ይጻፉ።»

«ደመወዝህስ?»

«እሱማ ያስፈራኛል። ዝም ካልን ግን ለሌላውም ሰፈር በመስቀል ነው የሚልኩት።»

አፈርኩ። ለልጆቹ ስለ አድዋ ልብስ አጣቢዎች የሰበክሁ ሰው፣ አጠገቤ ያለውን አትክልተኛ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁም። እንዳሰብኩት «360 ደረቀ» ብዬ ብቻ ብጽፍ ኖሮስ? ያነበበ ሁሉ «ጠባቂው ሰነፍ ነው» ይል ነበር። እኔ የእውነት ሰው፣ እሱ ጥፋተኛ! ለካ እውነትም በጎደሎ ሲነገር ሰው ይጎዳል።

ከሳጥኑ ሥር እንዲህ ጻፍኩ፦ የተተከለ 600፤ የጸደቀ 240፤ ምክንያት፣ ገንዘቡ ክረምት አልፎ መድረሱና እኛም የባለሙያችንን ምክር አለመስማታችን። ሰብሳቢያችን ፊቱን ቢያጠቁርም ፈረመ። ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ ነገር ተስማማን፤ ክፍያው ከቀረ የጠባቂውን ደመወዝ ከየኪሳችን እናዋጣለን። የፈረምነው እኛ ከሆንን፣ የሚጎድልብንም እኛው መሆን አለብን።

መልስ ገና አልመጣም። ጠባቂው ግን 240ዎቹን ጠዋት ጠዋት ያጠጣል።