ደረቁ ክምር

በእስራኤል፣ በሐዴራ ከተማ፣ ከባሕር ዛፉ ጫካ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ጎንደር አቅራቢያ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲጓጓዙ እሳቸውም መዶሻቸውን ጥለው መጡ። መዶሻው ቀረ እንጂ የእሳት ዕውቀታቸው አልቀረም።

ጫካውም የራሱ ታሪክ አለው። ሐዴራ በ1891 እ.ኤ.አ. ስትቆረቆር መሬቱ ረግረግ ነበርና ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ብዙዎቹን ወባ ፈጃቸው። ረግረጉን ያደርቅልናል ብለው ባሕር ዛፍ ተከሉ። አፄ ምኒልክ ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር ይህንኑ ዛፍ ያስመጡት በዚያው ዘመን ገደማ ነው። ሽማግሌው ዛፉን ከአገራቸው ያውቁት ነበርና ሐዴራ በደረሱ ዕለት ከሰው አንድ ቃል ሳይገባቸው የዛፉን ሽታ ግን ለይተውት ነበር።

ቤታቸው ውስጥ የብረት ምድጃ አለ፤ የአገሩ ሰው ካሚን ይለዋል። ከቤቱ ጀርባ፣ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ ሁለት የእንጨት ክምር ነበር። አንደኛው ባለፈው ክረምት ነፋስ ከጣለው ዛፍ የተፈለጠ ነው፤ ዝናብ ሳይነካው ዓመት ሙሉ አየር ሲመታው ከርሟል። ሁለተኛው በቅርቡ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ከቆረጡት ዛፍ የመጣ እርጥብ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ምድጃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ያንን ውሃ ሲያፈላ ይቆያል፤ ቤት ሳያሞቅ ዐይን ያስለቅሳል፤ ጥላሸቱም ጭስ ማውጫው ውስጥ እንደ ሬንጅ ይጋገራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ለዘንድሮ የሚነደውን አምና ይፈልጣል።

የዳስ በዓል አለፈ። ቀኑ ገና ይሞቃል፤ ማታ ግን ከባሕሩ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ መምጣት ጀምሯል። በዚያ ሰሞን ጎረቤታቸው መጣች። ከሳይቤሪያ ከመጣች ጥቂት ወራት ቢሆናት ነው፤ ከልጇና ገና ከታቀፈ የልጅ ልጇ ጋር ትኖራለች። በተከራየችው ቤት ምድጃ አለ፣ እንጨት የለም። በተሰባበረ ዕብራይስጥ እንዲህ አለች፦

«ሳባ፣ አያቴ፣ ከእንጨትዎ እኩሌታውን ይሽጡልኝ።»

ልጁ አያቱን ወደ ጥግ ሳብ አደረጋቸውና በአማርኛ፣

«አባባ፣ እርጥቡን ይስጧት። ከደረቁ ይከብዳል፣ ብዙ ይመስላል። ለእሷ ሁለቱም እንጨት ነው። ለእኛ ደረቁ ይበቃናል» አላቸው።

ሽማግሌው መልስ አልሰጡትም። ሁለቱን ክምሮች አየት አየት አደረጉ። ከዚያ ጋሪውን ወደ ደረቁ ገፉና መጫን ጀመሩ። ልክ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ አቆሙ። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ስትከፍት፣

«ከነፋስ አልገዛሁትም፣ እህቴ» አሉና ጋሪውን ራሳቸው እየገፉ እስከ በሯ አደረሱላት።

ልጁ ያን ማታ እራቱን በኩርፊያ በላ።

የስግድ በዓል አለፈ፣ ዝናቡም ገባ። ሽማግሌው በየማታው ይማግዱ ነበርና ክረምቱ ሳይጋመስ ደረቁ እንጨት አለቀ። አንድ ማታ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያንቀላፉ ልጁ ከእርጥቡ ክምር አምጥቶ ለኮሰ። እንጨቱ ተንሾካሾከ፣ ጫፉ ላይ አረፋ ደፈቀ፣ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ። ልጁ እያሳለ መስኮቱን ከፈተ፤ ያን ጊዜ ውጭ የነበረው ብርድ ሁሉ ገባ።

በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ናት፤ ጭሱን በመስኮቷ አይታለች። ምንም ሳትጠይቅ የሽማግሌውን ክንድ ያዘችና ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው፤ ልጁም ተከተለ።

የእሷ እንጨት አላለቀም። እያንዳንዱን ፍልጥ እንደገና አሳንሳ ፈልጣዋለች። መጀመሪያ አየሩን ለቃ እሳቱን ታጎለብታለች፤ ምድጃው ሲግል ትመጥነዋለች። ብርዱን የምታውቀው ከእነሱ ይልቅ እሷ ናትና ማገዶ መቆጠብንም ታውቅበታለች። ሕፃኑ ከምድጃው ፈንጠር ብሎ በመጠነኛው ሙቀት ተኝቷል።

ሻይ ከቀዳች በኋላ ሁለት ፍልጥ አነሣችና አጋጨቻቸው። እንጨቱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ የደረቀ እንጨት እንዲያ ነው የሚጮኸው። ከዚያ ልጁን እያየች ተናገረች።

«እርጥብ ሲሆን ድፍን ድምፅ ነው ያለው። እኛም አገር እንጨት የሚመረጠው እንዲህ ነው። ያን ቀን ከመምጣቴ በፊት ሁለቱንም ክምር ከአጥሩ ማዶ አይቻቸው ነበር። የቱን እንደሚሰጡኝ ላይ ብዬ ዝም አልኩ።»

ልጁ ዐይኑን ሻይው ላይ ተከለ። ሽማግሌው ግን እንዳልሰማ ሰው፣ «ስኳር አብዝተሻል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቤት በአንድ እሳት ከረመ። አንድ ማታ ሴትዮዋ ሾርባ ትሠራለች፤ በማግስቱ ሽማግሌው ሽሮ ይዘው ይመጣሉ። እስከ ፀደይ መግቢያ እሳት ያጡበት ማታ አልነበረም። እርጥቡ ክምርም ማንም ሳይነካው ከጣራው ክፈፍ ሥር ቆየ። በጋው መጣ፣ ነፋሱ መታው፣ የፍልጡ ጫፍ ተሰነጣጠቀ፣ ቅርፊቱም እየተላቀቀ ወደቀ።

ዳግመኛ የዳስ በዓል ሲያልፍ ልጁ ሁለት ፍልጥ አንሥቶ አጋጨ። ጮኸ። ቆጠረውም፤ ለሁለቱም ቤት ይበቃል፣ ይተርፋልም። አምና ያንን እርጥብ ሸጠውት ቢሆን ኖሮ ዘንድሮ ከቤቱ ጀርባ አንድም ደረቅ እንጨት አይገኝም ነበር።

በዚያው ሳምንት ከጎንደር አዲስ የመጣ ቤተሰብ ከመንገዱ ማዶ ገባ። አባትየው ለእንጨት ሲመጡ ሽማግሌው ቤት አልነበሩም። ከደረቁ ክምር ጎን ዘንድሮ የተቆረጠ ሌላ እርጥብ ነበር። ልጁ ጋሪውን ወደ ደረቁ ገፋ። ሁለት ፍልጥ አንሥቶ ሰውየው እንዲሰሙት አጋጨና መጫን ጀመረ።

«ዋጋው ስንት ነው፣ ልጄ?» አሉት።

«አይሸጥም» አለ ልጁ።