የመሐል ሜዳን ግድግዳ ልቀቁ

ሰሞኑን እዚህ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ የጫማ ቅናሽ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። የለጠፈው ሰው ተሳልሞ አልፎ ይሆናል፤ ከተሳለመማ ባሰበት!

የመብራት ምሰሶው ተለጥፎበታል፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ተለጥፎበታል፣ ባሕር ዛፉ እንኳ በሚስማር ተቸንክሯል። የሚለጥፍ እንጂ የሚያነሣ የለም። ክረምት ሲገባ የላስቲኩ ባነር ተቀዶ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ በግ ያኝከዋል። መንዝ በበጉ የሚኖር አገር ነው፤ ላስቲክ የዋጠ በግ የሞተበት ገበሬ ማንን ይክሰስ?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ከወጣ ስንት ዘመኑ! በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የአልኮልን ማስታወቂያ ከቢልቦርድም ከሬዲዮና ቴሌቪዥንም አውርዶታል። ታዲያ በየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ የተቀባው የቢራ ዓርማ ምን ይሠራል? ልጆቻችን ሀ ሁ ሳይጨርሱ እሱን ለይተው ያውቃሉ። አናፍርም?

አባቶቻችን የጓሳን የሣር ምድር ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው ያከርሙት ነበር። ሳይከፈት ሣር ያጨደ ይቀጣ ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ እንዲህ ኖሯል፤ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም የተረፉልን በእነሱ ጥንካሬ ነው። የጋራ የሆነውን ቀድሞ የደረሰ አይወስደውም ነበር። ዛሬ የአደባባዩን ግድግዳ ማጣበቂያ የያዘ ሁሉ ይወርሰዋል። ይህ የመንዝ ልጅ ወግ ነው?

የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ፣ ያቺ የሚሊዮኖች ከተማ፣ በ1999 ዓ.ም. የአደባባይ ማስታወቂያን ከልክላ ቢልቦርዷን አውርዳለች፤ ንግዷም አልሞተም። መሐል ሜዳማ ምን ይቀርባታል? እዚህ ሰው የሚገዛው ተጠያይቆ ነው። የማን የበግ ጠጉር ባና እንደሚሞቅ ገበያተኛው ያውቀዋል፣ ወረቀት አይነግረውም።

ድምፅ ማጉያውንስ! በገበያ ቀን መኪና ላይ ሞንታርቦ ጭነው ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኹታል። ቅዳሴ አይሉ፣ የታመመ አይሉ፤ ገበሬው በበጉ ዋጋ መከራከር አቅቶት በጣቱ ይቆጥራል። ጆሯችንም እንደ ግድግዳው ባለቤት አልባ ሆነ ማለት ነው?

እናንተ ነጋዴዎች፣ እግዜርን ፍሩ፤ የለጠፋችሁትን በእጃችሁ ላጡ። ማዘጋጃ ቤቱም ገበያው ዳር አንድ ሰሌዳ ያቁም፤ የጨረታውም የቅናሹም እዚያ ይለጠፍ። ከዚያ ውጭ የተገኘ ይቀጣ። ጥፋተኛውን መፈለግ አይቸግርም፤ ስልክ ቁጥሩን ራሱ ጽፎ ሄዷል።