ከመጠምጠም መማር ይቅደም
ለሂሳብ ማስተርስ ተማሪው ልጄ

ልጄ፣ ከእስቴ፣ ከስማዳና ከጋይንት ተነስቶ ሂሳብን እስከ ማስተርስ መዝለቅ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ጠመኔ ይዤ ያረጀሁ ነኝና አውቀዋለሁ። ምክሬ አንድ ነው፦ የትምህርት መሠረትህን አትደብቅ። የጎደለውን ወርደህ ሙላው፤ ያለህንም አትናቀው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ፕሮፌሰሩ የሪል አናሊሲስ ቲዎረም ሰሌዳ ላይ ጽፈው «ይህ ግልጽ ነው» ብለው ሲያልፉ፣ ክፍሉ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። አንተም ትነቀንቃለህ። ማታ ደብተርህን ስትገልጥ ግን ግልጽ የተባለው ነገር አልገባህም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከዛሬው ቲዎረም ሳይሆን ከሥር የመጣ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ሊሚትን በቀመር አውጥተህ አለፍህ እንጂ በኤፕሲሎንና በዴልታ ራስህ አላረጋገጥኸውም። ትራንስክሪፕትህ ላይ ግን «ኤ» ተጽፏል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው። መሠረት ማለት መጽሐፉን ዘግተህ፣ ባዶ ወረቀት ይዘህ፣ ከመነሻው እስከ መደምደሚያው ልታረጋግጠው የምትችለው ብቻ ነው።

ጉድለቱ አያሳፍርህ። የአንተ ትውልድ 12ኛ ክፍል ሳለ፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ኮሮና ትምህርት ቤት አዘጋ። ነሐሴ 2013 ላይ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ገባ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡም የባከነውን ጊዜ ለማካካስ ኮርሱ እየተጣደፈ ተሰጣችሁ። አስተማሪ ሆነው በክረምት ብቻ የሚማሩ ጓደኞችህማ የአንድ ሴሚስተሩን ትምህርት በጥቂት ሳምንታት ይጨርሱታል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው የጎደለው ነገር ቢኖር አይደንቅም። የሚጎዳው ጉድለቱን ሸፍኖ ወደ ላይ መውጣት ነው።

ደግሞስ በእኛ አገር የተማረ ሰው ዳግመኛ ቁጭ ብሎ መታረሙ መቼ ነውር ሆነ? ጋይንት የቤተልሔምና የዙር አባ አገር ናት። በቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ድጓን በሌላ ደብር የዘለቀ ሰው ሊያስመሰክር ቤተልሔም ሲደርስ እንደገና ተማሪ ይሆናል። ከመምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ቀለሙን ያሰማል፤ የሳተው ይቀናለታል፤ የሚመሰከርለት ከዚያ በኋላ ነው። ዓለምም ቢሆን ይህንኑ ያደርጋል። የፊዚክስ ሊቁ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 በጣሊያን ትሪኤስቴ የመሠረቱት የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል፣ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የአንድ ዓመት የሂሳብ ዲፕሎማ አለው፤ ለዶክትሬት የሚያበቃ መሠረት የሚጣልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በኬፕ ታውን ሥራ የጀመረው የአፍሪካ የሂሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ለአፍሪካ ተመራቂዎች ተመሳሳይ ዕድል ይሰጣል። ከሁለቱም ደጅ ኢትዮጵያውያን ደርሰው ተምረዋል። አንተም በርታና ሞክር፤ ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል።

ያለህን አትናቅ ያልሁህን ደግሞ ላሳይህ። ስለ ትምህርት መነሻህ ስትጠየቅ ከቀበሌው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትጀምራለህ። ከዚያ በፊት ግን በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ባሕረ ሐሳብ በሚቆጠርበት አገር ነው ያደግኸው። የ2018ን ዘመን እንቁጠር። 5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ19 ስትገድፈው 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ሲነሳ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። የነነዌ ጾምም ፋሲካም የሚወጡት ከዚህ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሠላሳ እንደሚሆኑ መሪጌታው ያስተምራሉ። አንተ የሂሳብ ሰው ነህና «ለምን?» በል። 11ና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ፣ ወንበሩ ስንትም ቢሆን የሁለቱ ብዜቶች ድምር ወንበሩ በ30 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ በ30 ስትገድፈው ምንም አይተርፍም። አሁን ያረጋገጥኸው ቲዎረም ነው። የሂሳብ ሊቁ ጋውስ በ24 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው መጽሐፉ በምልክት የደነገገው፣ አንተም በነምበር ቲዎሪ ክፍል ሞዱሎ የምትለው ስሌት፣ በደጅህ ለዘመናት ሲቆጠር ኖሯል።

እንግዲህ ሥራውን ጀምር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ሊኒየር አልጀብራንና ሪል አናሊሲስን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ያዝ፤ በቀን አንዲት ማረጋገጫ ብትሆንም ራስህ ጻፋት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ገጽ አትቁጠር። ሦስት አራት ሆናችሁ በየተራ ሰሌዳ ላይ አስረዱ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ያልገባህን ፕሮፌሰሩን ክፍል ውስጥ ጠይቅ፤ ያንተው ጥያቄ የብዙዎች ጥያቄ እንደሆነ ታያለህ። የቲሲስ ርዕስ ስትመርጥ ስሙ ያማረውን ሳይሆን መሠረትህ የሚሸከመውን ምረጥ። ለዶክትሬት ስታመለክትም የተማርኸውን በልኩ ጻፍ፤ ያልተማርኸውን የተማርሁ አትበል፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ያጋልጥሃል።

በመጨረሻ የአገርህን ልጆች አስብ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በወገዳ፣ በአርብ ገበያ፣ በመካነ ኢየሱስና በነፋስ መውጫ ቀመር ሸምድደው «ለምን?» ሳይሉ የሚያልፉ ልጆች አሉ። ዕረፍት ስትመጣ ሰብስባቸውና ምክንያቱን አሳያቸው፤ አንተ ማስተርስ ገብተህ የምትሞላውን እነሱ ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ይሙሉት። ያስጀመረህ አምላክ ያስፈጽምህ፤ ለወገንህም የምትተርፍ ያድርግህ።