ቄስ ሚስቱ ስትሞትበት

«የኛ ቄሶች ያገባሉ» እያልን በካቶሊኮች ላይ የምንኮራው ኩራት እውነትነቱ እስከ ግማሽ መንገድ ነው። ሮም እ.ኤ.አ. በ1139 በሁለተኛው የላተራን ጉባኤ የካህናትን ጋብቻ ፈራሽ ብላለች፤ የኛዋ ቤተ ክርስቲያን ግን ዲያቆኑን ከቅስና በፊት ትድራለች። ደግ ታደርጋለች፤ የልጅ ትኩሳት እንቅልፍ ያልነሳው ነፍስ አባት ለባልና ሚስት ጠብ ምን ይመክራል? (መነኮሳት አይቀየሙኝ።)

ሚስቱ ብትሞትስ? ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሁለት ሕፃናት የታቀፈ ቄስ ወይ እስከ ሞት ብቻውን ይኖራል፣ ወይ ሌላ አግብቶ ክህነቱን ያጣል።

ነገሩ እንደ ደገሀቡር ባለ፣ ክርስቲያኑ ጥቂት በሆነበት ከተማ ይብሳል። ቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይሻል። ያሉት ሁለት ቄሶች ብቻ ከሆኑ፣ የአንዱ ማግባት ምእመኑን ሁሉ ከቁርባን ያርቃል። ሼኩ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ ማግባቱ ወግ የሆነለት ሶማሌ ጎረቤት «አባ፣ ለልጆቹ እናት አይፈልጉላቸውም?» ቢለው ምን ይመልሳል?

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ አንዲት ሚስት የጻፈውን የሚጠቅሱ አሉ። ሟችን ቀብሮ ማግባት ሁለት ሚስት መያዝ ነው ብሎ ማመን ግን ይቸግረኛል። ደግሞም ቃሉ የተነገረው ስለ ኤጲስ ቆጶስ ነው፤ እኛ ጳጳስ የምንሾመው ከመነኮሳት ብቻ ሆኖ ሳለ! መነኩሴው ብቸኝነትን መርጦ ገባበት፤ ይህ ቄስ የመረጠው ትዳርን ነበር።

ሥርዓቱ ካልተነካ እንኳ፣ ሀገረ ስብከቱ ምትክ ልኮ ሐዘንተኛውን ከነልጆቹ ዘመድ ወዳለበት ደብር ሊያዛውረው ይችላል። ለዚህ ሲኖዶስ መሰብሰብ አያሻውም።