መሶበ ወርቅ በዐረብኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አንዲት እኅታችን ወጥ ቤት ስትዘምር ማዳሟ «ምን እያልሽ ነው?» አለቻት። እመቤታችንን «መሶበ ወርቅ» እያልኩ ነው ብላ በዐረብኛ ተረጎመችላት። «የዳቦ ቅርጫት ናት እንዴ?» ብላ ሳቀችባት። ማታ «አባቴ፣ ክብሯን ዝቅ አደረግሁ ይሆን?» ብላ እያለቀሰች ደወለችልኝ።

አላደረግሽም ልጄ። ቃሉን አሻግረሻል፤ ታሪኩ ግን አንቺው ዘንድ ቀረ። ቅኔ ቤት ሰሙን ብቻ ተናግሮ ወርቁን የተወ ተማሪ ይገሠጽ ነበር፤ አንቺን አልገሥጽም። «ንጽሕት ናት» ብለሽ ብታልፊ ማንም አይስቅም ነበር፤ መዝሙሩን ግን በሰወርሽባት ነበር። እኔ የተሳቀበትን እመርጣለሁ። መሶቡ በዕብራውያን 9፥4 ያለው፣ መና የነበረበት ነው፤ መናው የክርስቶስ ምሳሌ፣ መሶቡ የእናቱ። ግብፃውያን ወንድሞቻችንም ይህንኑ ምሳሌ በዐረብኛ ይዘምሩታል። ዳግመኛ ብትጠይቅሽ ከምድረ በዳው፣ ከተራበው ሕዝብ ጀምሪላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።